ከፍልውሃ አጠገብ አንድ የሕክምና ገንዳ ይሠራልን

ለአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ጤና ቢሮ፣
በመሃል ከተማ ፍል ውሃ ለምታስተዳድሩና የመዋኛ ገንዳ ላላችሁ ድርጅቶች ሁሉ፣
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ ከአደጋና ከቀዶ ሕክምና በኋላ ለሚያገግሙ ሕሙማን የውሃ ውስጥ ፊዚዮቴራፒ እንዲመቻች መጠየቅን ይመለከታል

ይህችን ከተማ ያስቆረቆራት ሙቅ ውሃ ነው። እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ወርደው የፍልውሃውን ዙሪያ ወደዱት፤ በ1879 ዓ.ም. ቦታው አዲስ አበባ ተባለ። ከዚያ ወዲህ ቁርጥማት የያዘውም ወገቡን ያመመውም ፍልውሃ ሲወርድ ኖሯል። ሒልተንም ጊዮንም መዋኛ ገንዳቸውን ሲሠሩ ከዚሁ የከርሰ ምድር ሙቀት ተጠቅመዋል። ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ከፍልውሃ በመኪና የጥቂት ደቂቃ መንገድ ነው። ጭኑ ውስጥ ብረት ገብቶለት በክራንች የሚወጣው ሰው ግን ያንን ሙቀት ማግኘት ቢፈልግ የሚጠብቀው ባኞ ነው። ባኞ ውስጥ መራመድ አይቻልም፤ ከባኞ መውጣት ደግሞ ለተሰበረ ዳሌ ከመግባት ይብሳል።

የውሃ ውስጥ ፊዚዮቴራፒ ስንል ሙቅ ውሃ ውስጥ መዘፍዘፍ ማለታችን አይደለም፤ ዋናም አይደለም። ጥልቀቱ፣ ሙቀቱና ንጽሕናው በልክ በተያዘ ገንዳ ውስጥ፣ ባለሙያ አብሮ ገብቶ የሚያሠራው እንቅስቃሴ ነው። ስዊዘርላንድ ውስጥ ባድ ራጋትስ የምትባል ከተማ አለች፤ የሷም ፍል ውሃ ከምድር የሚወጣ ሲሆን 36.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። ዛሬ በብዙ አገር ፊዚዮቴራፒስቶች የሚማሩት፣ ሕመምተኛውን በተንሳፋፊ ቀለበቶች አንጋሎ የማሠራት ዘዴ በከተማዋ ስም ይጠራል። ከተማዋን በሙያው ያስጠራት በውሃው ላይ የተሠራው ሥራ ነው።

የክብደት ነገር ከሁሉ ስለሚቀድም ከእሱ እንጀምር። ሐኪሙ «እግርሽ ላይ ከ20 ኪሎ በላይ አታሳርፊ» ብሎ ሲልክ፣ ሕመምተኛዋ ያንን 20 ኪሎ በምን ትለካዋለች? ቤት ውስጥ ሚዛን ላይ አንድ እግሯን አድርጋ ትለማመዳለች፤ አምስት እርምጃ እንደሄደች ልኩ ይጠፋባታል። ውሃ ይለካላታል። 60 ኪሎ የምትመዝን ሴት ውሃው ከፊት ለፊት የዳሌ አጥንቷ ጫፍ ላይ ሲደርስ መሬት ላይ የሚያርፈው ክብደቷ ግማሽ ያህል፣ ማለትም 30 ኪሎ ይሆናል። ፍርምባዋ ሥር ሲደርስ ሲሶ ገደማ፣ 20 ኪሎ። አንገቷ ድረስ ስትገባ ከአሥር አንድ፣ 6 ኪሎ። ይህ ዝም ብላ ስትቆም ነው። ስትራመድ ያ ሁሉ ክብደት በየተራ አንድ እግር ላይ ያርፋል፤ ፈጠን ብላ ከረገጠች ደግሞ ይጨምራል። ስለዚህ 20 ኪሎ የተፈቀደላት ሴት የምትጀምረው ፍርምባዋ ሥር ሳይሆን ከዚያ ጠለቅ ካለ፣ ብብቷ አካባቢ ከሚደርስ ውሃ ነው። ሐኪሙ ልኩን ባነሳላት ቁጥር ወደ ጎደለው ጎን አንድ እርምጃ ትመጣለች።

የገንዳው ወለል ደረጃ ወይም ተዳፋት ሊኖረው የሚገባውም ለዚህ ነው። ቁመቷ 1.60 ሜትር የሆነች ሴት ፍርምባዋ ሥር ለመድረስ 1.15 ሜትር ያህል ውሃ ይበቃታል፤ 1.80 ሜትር ለሆነ ወንድ 1.30 ያስፈልጋል። ወለሉ ሁሉ 1.40 የሆነ ገንዳ ለእሱ ሲመች እሷን አፏ ድረስ ያሰጥማታል። ከ0.90 ተነሥቶ በቀስታ 1.40 የሚደርስ ወለል ሁለቱንም ያስተናግዳል።

ሁለተኛው የውሃ ጠባይ ግፊቱ ነው። 1.20 ሜትር ጥልቀት ላይ ቁርጭምጭሚትን የሚጫነው ግፊት 88 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ገደማ ነው፤ ለእብጠት የሚታዘዙት የላስቲክ ካልሲዎች አብዛኞቹ የዚህን ሲሶ አያህሉም። ከወራት የጀሶ እስር የወጣ እግር ውሃ ውስጥ ቆሞ ሳለ እብጠቱ የሚቀንሰው በዚህ ነው። ያው ግፊት ግን ከእግርና ከሆድ ወደ ደረት ደም ይገፋል፤ አንገቱ ድረስ የገባ ሰው 700 ሚሊ ሊትር ያህል ደም ወደ ላይ ይመጣበታል። ጤነኛ ልብ ይህን ይችለዋል። የደከመ ልብ አይችለውም፤ ሰውየው ከእግሩ ይልቅ በትንፋሹ ይጨነቃል። ስለዚህ ወደ ገንዳ የሚላክ ሰው ሁሉ የልቡ ሁኔታና የደም ግፊቱ ተጽፎ ይምጣ እንላለን፤ ስብራቱ የቁርጭምጭሚት ብቻ ቢሆንም።

ሦስተኛው፣ ውሃ ለፈጠነ ይጠነክራል። ፍጥነትን እጥፍ ማድረግ ተቃውሞውን አራት እጥፍ ያደርገዋል። ይህ በጎም አደገኛም ነው። የትከሻ ጅማቱ የተሰፋለት ሰው ትከሻው ድረስ ሰምጦ ክንዱን ሲለቀው ውሃው ራሱ ያነሣለታል፤ ከጎኑ እስከ ትከሻው ከፍታ በሦስት ሰከንድ ያህል ከወጣ ጡንቻው ብዙ ሳይሠራ መገጣጠሚያው ይፈታል። ያንኑ መንገድ በአንድ ሰከንድ ከሄደው ግን ገና ያልጠና ስፌት ላይ በየብስ ከሚደርሰው የበለጠ ጉልበት ያርፍበታል። በዓይን ሲታይ እንቅስቃሴው አንድ ነው። ጮክ ብሎ የሚቆጥር ባለሙያ አጠገቡ ያስፈልገዋል የምንለው ለዚህ ነው።

ሙቀቱ ከ33 እስከ 35 ዲግሪ መሆን አለበት፤ ከ36 ማለፍ የለበትም። የተለመደው መዋኛ ገንዳ ከዚህ ብዙ ይበርዳል፤ የክረምት ጠዋት ላይማ ሕመምተኛው ገብቶ ጥርሱን ሲያንገጫግጭ፣ ልናላላው የመጣነው ጡንቻ ይበልጥ ይተሳሰራል። በሌላው ጫፍ ደግሞ 40 ዲግሪ ባኞ ውስጥ ግማሽ ሰዓት የተቀመጠ አዲስ ጉዳተኛ ደም ሥሩ ይከፈታል፣ እብጠቱ ይጨምራል፣ የግፊት መድኃኒት የሚወስድ ከሆነም ሲነሣ ዓይኑ ይጨልማል። ስኳር ሕመም ነርቩን የጎዳበት ሰው እግሩ ሲቃጠል አይሰማውም። ፍል ውሃ በደንብ ሲፋጅ በደንብ ያድናል የሚለው እምነት ብዙ ሰው ይጎዳል፤ በር ላይ በትልቁ ተጽፎ ቢለጠፍ ደስ ይለናል።

ፍል ውሃ ለምታስተዳድሩ ወገኖች አንድ ነገር በአጽንዖት እንጠይቃለን፦ የጉድጓዱን ውሃ በቀጥታ ወደ ሕክምናው ገንዳ አትልቀቁት፤ ሙቀቱን ብቻ ስጡን። የፍልውሃ ውሃ ሶዲየም ባይካርቦኔት የበዛበት ነው። እንዲህ ያለ ውሃ ገንዳ ውስጥ ፒኤቹን፣ ማለትም የውሃውን የአሲድነት ወይም የአልካሊነት ልክ፣ ወደ ላይ ይጎትታል። ፒኤች 7.5 ላይ ከገባው ክሎሪን ግማሽ ያህሉ ጀርም የሚገድል ሲሆን፣ 8 ሲደርስ ሩብ እንኳ ላይሞላ ይችላል። መለኪያው በቂ ክሎሪን አለ ይላል፤ ጀርሙ ግን አይሞትም። ሞቅ ያለ ውሃ ደግሞ ሌጂዮኔላና ሱዶሞናስ የሚባሉት ባክቴሪያዎች የሚወዱት ነው፤ የመጀመሪያው አየር ላይ በሚበተን ደቃቅ የውሃ ጠብታ ሳንባ ይገባል፣ ሁለተኛው ቆዳንና ቁስልን ይይዛል። መፍትሔው የቆየ ቴክኒክ ነው፦ ሙቁ ውሃ በብረት ዝርግ ንብርብሮች በአንዱ ጎን ያልፋል፣ የገንዳው ውሃ በሌላው ጎን፤ ሙቀት ይለዋወጣሉ እንጂ አይቀላቀሉም። የማዕድኑ ዝቃጭ በንብርብሩ ላይ ስለሚጋገር በየጊዜው በአሲድ የሚታጠብበት ቫልቭ ከመጀመሪያው ይሠራለት፤ ያ ካልተደረገ ገንዳው ቀስ በቀስ ሲቀዘቅዝ ምክንያቱን ማንም አያውቀውም።

ስለ መጠኑ እንናገር። ስድስት ሜትር በአራት፣ አማካይ ጥልቀቱ 1.20 የሆነ ገንዳ 29 ሜትር ኩብ ገደማ ውሃ ይይዛል። ለአንድ ሆስፒታል ይህ በቂ ነው፤ ትልቅ ገንዳ ለምረቃ ያምራል እንጂ ለማሞቅና ለማጽዳት ይከብዳል። ይህን ውሃ ከ20 ወደ 34 ዲግሪ ለማድረስ 470 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ጉልበት ይጠይቃል። በመብራት ኃይል ከተሠራ ወጪው ገንዳውን በዓመቱ ያዘጋዋል፤ ከእግራችን በታች ያለው ሙቀት ዋጋ የሚታወቀው እዚህ ላይ ነው። ማታ ማታ ገንዳው በሸራ ከተሸፈነ ትልቁ ብክነት፣ ትነቱ፣ በጣም ይቀንሳል።

ውሃው ሁሉ ቢበዛ በአንድ ሰዓት ተኩል አንዴ ማጣሪያ ውስጥ ማለፍ አለበት፤ ለዚህ በሰዓት 20 ሜትር ኩብ የሚገፋ ፓምፕ ይበቃል። ነጻ ክሎሪን በሊትር ከ1 እስከ 3 ሚሊ ግራም፣ ፒኤች ከ7.2 እስከ 7.6። ከመከፈቱ በፊትና ከዚያ በየሁለት ሰዓቱ ተለክቶ መዝገብ ላይ ይጻፍ፤ በላቦራቶሪ ደግሞ ቢያንስ በወር አንዴ ይመርመር። በዚህ ገንዳ ክሎሪኑን በ1 ሚሊ ግራም ለማንሣት 65 በመቶ ክሎሪን ያለው ዱቄት 44 ግራም ገደማ ይፈልጋል፤ በእፍኝ የሚበተን ነገር አይደለም። ዱቄቱና አሲዱ አንድ መደርደሪያ ላይ አይቀመጡ፣ በአንድ ባልዲም አይለኩ፤ ሲገናኙ የሚወጣው ጋዝ ሰው ይገድላል። እንዲሁም ዓይን የሚያቃጥል የክሎሪን ሽታ ያለው ገንዳ ንጹሕ ነው ብላችሁ አትመኑ። ሽታው ክሎሪን ከላብና ከሽንት ጋር ሲዋሃድ የሚመጣ ነው። ስለዚህ ከመግባት በፊት በሳሙና ሻወር መውሰድ ግዴታ ይሁን፤ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ደግሞ ይህ የሚሆነው በቂ ሮቶ ካለ ነው። በገቡት ሰዎች ልክ ለእያንዳንዱ 30 ሊትር አዲስ ውሃ ይተካ። መብራት ጠፍቶ ፓምፑ ከቆመ ሕሙማኑ ይውጡ። ጄኔሬተሩ ለአምፖሉ ብቻ ከሆነ ለሕክምና ገንዳ አይሆንም።

መግቢያውን በተመለከተ፣ ብዙዎቻችሁ ያላችሁ ግድግዳ ላይ የተተከለ የብረት መሰላል ነው፤ ጉልበቱን ማጠፍ የማይችል ሰው አይወርድበትም። ለዊልቸር የሚመች መውረጃ በየ12 ሴንቲ ሜትሩ 1 ሴንቲ ሜትር ብቻ ስለሚወርድ 1.20 ሜትር ለመድረስ 14.40 ሜትር ርዝመት ይበላል። ቦታ ከሌለ ከፍታቸው ከ15 ሴንቲ ሜትር ያልበለጠ፣ ሰፋፊ፣ በሁለቱም ጎን ድጋፍ ያላቸው ደረጃዎች ይሠሩ፤ መራመድ ለማይችል ደግሞ ወንበር የተገጠመበት ማንሻ። የገንዳው ዳር የሚያንሸራትት ሴራሚክ ከሆነ ወገናችን የዳነለት ዳሌ እዚያው ይሰበራል። ክራንቾቹ የሚቆሙበት ቦታ ከደረጃው በእጅ ርቀት ይሁን። ልብስ መቀየሪያው ሞቃትና ቅርብ ይሁን፤ መቀመጫም ይኑረው።

ማን ይግባ፣ መቼ ይግባ? ስፌት ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 14 ቀን ውስጥ ይወጣል። ያ ፈቃድ አይደለም። ቁስሉ ጫፍ ለጫፍ ተገጥሞ፣ ምንም ፈሳሽ ሳይኖረው፣ ቅርፊቱ ረግፎ መታየት አለበት፤ ለብዙዎች ይህ ሦስተኛው ወይም አራተኛው ሳምንት ላይ ነው። ቁስሉ የሚያዥ፣ ትኩሳት ያለው፣ ያልታከመ የደም መርጋት ባቱ ውስጥ ያለበት፣ የሚጥል በሽታው በመድኃኒት ያልተያዘለት፣ ልቡ የደከመ ሰው አይገባም። ተቅማጥ የነበረበት ካቆመለት በኋላ ቢያንስ 48 ሰዓት ይጠብቃል። ከቆዳ ውጭ የሚታይ የብረት ማሰሪያ ያለበት ሰው ብረቱ በገባባቸው ቀዳዳዎች ኢንፌክሽን ስለሚያሰጋው ያለ ቀዶ ሐኪሙ የጽሑፍ ፈቃድ አይግባ። ሁሉም ሰው ገንዳ አያስፈልገውም፤ ቁርጭምጭሚቱ ወለም ያለው ወጣት ወይም የእጅ አንጓዋ የተሰበረ ሴት በየብስ ሥራ በደንብ ይድናሉ። ወረፋው መሰጠት ያለበት ዳሌና ጭን ለተሰበሩ፣ ሁለት እግራቸው ለተጎዳ፣ ከሕንፃ መወጣጫ እንጨት ወድቀው ወገባቸው ለታሰረ፣ መገጣጠሚያ ለተቀየረላቸውና በየብስ መቆም ሕመሙ ለሚከለክላቸው ነው።

ሕሙማን የሚፈሩትን ፍርሃትም አንንቀው። «ብረቱ ይዝጋል»፣ «ብርድ አጥንቴ ውስጥ ይገባል» የሚሉ ብዙ ናቸው። በቆዳ ሥር ያለ ብረት ቀድሞውንም በሰውነት ፈሳሽ ውስጥ ነው የሚኖረው፤ የገንዳ ውሃ አይደርስበትም፣ የተሠራበት ቲታኒየም ወይም የማይዝግ ብረትም ለዚያ የተመረጠ ነው። ብርዱን በተመለከተ ግን ሥጋታቸው ትክክል የሚሆንበት ቦታ አለ፦ እርጥብ ፀጉር ይዞ ሐምሌ ላይ ታክሲ መጠበቅ። ከገንዳ የወጣ ሰው ደርቆ፣ ጋቢ ደርቦ፣ ውሃ ጠጥቶ ቢያንስ 15 ደቂቃ ይቀመጥ። ያ ጊዜ የደም ግፊቱ የሚወርድበትም ነው፤ የሚወድቅ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚወድቀው ከደረጃው እንደወጣ ነው። በጾም ወቅት እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል የማይቀምስ ሕመምተኛ ከዚያ ሰዓት በፊት አይቀጠር፤ በረመዳንም እንዲሁ ተነጋግሮ ሰዓት ይመረጥ። ለሴቶች የተለየ ሰዓትና ሴት ባለሙያ ይመደብ፤ ይህ ካልተደረገ እናቶቻችን አይመጡም፣ አለመምጣታቸውም «ፍላጎት የለም» ተብሎ ሪፖርት ይጻፍበታል። ልብሱ ከጉልበት በላይ የሚያልቅ ቁምጣና ውሃ የማይይዝ ቲሸርት ይበቃል፤ ጥጥ ውሃ ጠጥቶ ይከብዳል።

አንድ ክፍለ ጊዜ ምን ይመስላል? መጀመሪያው ቀን 10 ወይም 15 ደቂቃ ብቻ፣ አንድ ባለሙያ ለአንድ ሕመምተኛ፣ ሌላ ሰው ዳር ላይ ቆሞ። ድጋፉን ይዞ ወደ ፊት፣ ወደ ጎን፣ ወደ ኋላ መራመድ። ከዚያ ቆሞ ጭንን ወደ ፊትና ወደ ጎን ማንሣት፣ ጉልበትን ማጠፍና መዘርጋት፣ ተረከዝን አንሥቶ በእግር ጣቶች መቆም፤ እያንዳንዱ 10 ጊዜ። በየሳምንቱ ተጨምሮ 30 ደቂቃ ላይ ይቆማል። የዳሌ መገጣጠሚያው ከኋላ በኩል ተከፍቶ የተቀየረለት ሰው ሐኪሙ እስኪፈቅድ ድረስ ጭኑን ከ90 ዲግሪ በላይ አያጥፍ፤ እግርን እንደ እንቁራሪት የሚገፋው ዋናም ይከልከለው። ውሃ ውስጥ ሕመም ስለሚጠፋ ሰው ከልኩ ያልፋል፣ ዋጋውን ማታ ይከፍላል። በማግሥቱ ሕመሙ ወይም እብጠቱ ከበፊቱ ከበለጠ ቀጣዩ ክፍለ ጊዜ በግማሽ ይቀነስ። ውሃ ውስጥ ብቻ የሚቀር ሰውም አለ፤ ገንዳው ውስጥ ያለ ክራንች ይሄዳል፣ ከወጣ ግን አይሞክርም። ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ በቤት የሚሠራው የየብስ ሥራ ይሰጠው፣ ገንዳው በአብዛኛው ከ6 እስከ 8 ሳምንት ውስጥ ይብቃው።

ከጤና ቢሮው የምንጠብቀው ይህ ነው። አዲስ ሕንፃ እስኪሠራ ሳንጠብቅ፣ ከፍልውሃ እስከ ስታዲየም ባለው አካባቢ ካሉት ገንዳዎች ሙቀቱ 33 ዲግሪ መድረስ የሚችል አንዱ ተመርጦ፣ ደረጃና ድጋፍ ተሠርቶለት፣ በሳምንት ሦስት ቀን ከአራት እስከ ስድስት ሰዓት፣ ለሚጾሙት ደግሞ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ፣ ለሕሙማን ብቻ ይለቀቅ። በየክፍለ ጊዜው ከአራት ሰው አይበልጥ። የሆስፒታሎቹ የአጥንት ክፍሎች የሚጠቀሙበት አንድ ገጽ መላኪያ ቅጽ ይዘጋጅ፦ ቀዶ ሕክምናው ምን እንደነበር፣ ስፌት የወጣበት ቀን፣ የተፈቀደው ክብደት በኪሎ፣ የተከለከለው እንቅስቃሴ፣ ልብ፣ ግፊት፣ ስኳር፣ የሚጥል በሽታ። «ፊዚዮቴራፒ ይደረግለት» የሚል አንድ መስመር ውሃ ዳር ለቆመ ባለሙያ ምንም አይነግረውም። ባለሙያዎቹም ሆኑ ገንዳ ጠባቂዎቹ ራሱን የሳተ ሰው ከውሃ ማውጣትን በየሦስት ወሩ ይለማመዱ። ክፍያው በማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን እንዲሸፈን ቢሮው ጥያቄውን ለሚመለከተው አካል ያቅርብ፤ ከራሱ ኪስ ከከፈለ ይህን ሕክምና የሚያገኘው ከሚያስፈልገው ሰው ጥቂቱ ብቻ ነው።

የገንዳ ባለቤቶች፣ እናንተ ዛሬውኑ ማድረግ የምትችሉት አለ። ቴርሞሜትር ውሃው ውስጥ አንጠልጥሉ፣ ፒኤችና ክሎሪን ለክታችሁ ለአንድ ወር መዝግቡ፣ የደረጃችሁን ከፍታና የወለላችሁን ጥልቀት በሜትር ጽፋችሁ ለቢሮው ላኩ። በእነዚያ ቁጥሮች የትኛው ገንዳ እንደሚሆን በአንድ ከሰዓት በኋላ መለየት ይቻላል። የመላኪያ ቅጹን ረቂቅ፣ የደረጃውን ንድፍና የመጀመሪያዎቹን 12 ክፍለ ጊዜያት ዝርዝር እኛ ይዘን እንመጣለን። ቢሮው የስብሰባውን ቀን ይቁረጥልን።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
በመሃል አዲስ አበባ የምንሠራ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎች